የአዋቂዎች ችፌ፦ ከመቀባት በፊት ማወቅ

 

በለገጣፎ ክረምቱ አልፎ የጥቅምት ነፋስ መንፈስ ሲጀምር ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጣው ሰው ጥያቄም ይለወጣል። በክረምት የጉንፋንና የሳል መድኃኒት ሲጠይቅ የነበረው አሁን እጁን ወይም አንገቱን እያሳየ “ለዚህ የሚሆን ቅባት ስጪኝ” ይላል። ባዶ ቱቦ ይዞ የሚመጣም ብዙ ነው። “ይኸኛውን ድገሚልኝ እህቴ፤ ስቀባው ያጠፋዋል፣ ሳቆመው ግን ብሶ ይመለሳል” ይላል። የዚህ ችግር ስም አብዛኛውን ጊዜ ችፌ ነው። ታዲያ ችፌን በሚገባ ሳያውቁ በጠንካራ ቅባት ብቻ መታገል ቆዳን ይጎዳል፣ ገንዘብ ያባክናል፣ ችፌ ያልሆነውን በሽታም ይደብቃል። በዛሬው ትምህርታችን ችፌን እንዴት እንደምንለየው፣ ምን እንደሚያባብሰውና በቤታችን እንዴት እንደምንቆጣጠረው እንመለከታለን።

ለመሆኑ ችፌ ምንድን ነው?

ችፌ በሕክምናው ቋንቋ ኤክዚማ ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን “ፈልቶ መውጣት” እንደማለት ነው። በሽታው የቆዳ መቆጣት ሲሆን ዋና መለያው ማሳከክ ነው። የማያሳክክ ችፌ የለም ለማለት ይቻላል።

ቆዳችንን በጭቃ እንደተያያዘ የድንጋይ ግንብ እናስበው። የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት ድንጋዮቹ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ተፈጥሯዊ ቅባት ደግሞ ጭቃው ነው። ጭቃው ሲረግፍ በውስጥ ያለው እርጥበት ይተናል፤ ከውጭ ሳሙናው፣ አቧራውና ተሕዋስያኑ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ይቆጣና ማሳከክ ይመጣል። ሲያክኩት ግንቡ የበለጠ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ማሳከኩ ይጨምራል። ሕክምናው በሙሉ ይህን አዙሪት ለመስበር የታሰበ ነው።

ችፌ በዘር የመሄድ ዝንባሌ አለው። አስም ወይም የአለርጂ ጉንፋን ባለበት ቤተሰብ በብዛት ይታያል። በ2006 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ሲጎድል ችፌ እንደሚያስከትል ደረሱበት። ይህ ጉድለት በአውሮፓውያን ላይ በብዛት የሚገኝ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ፣ በኢትዮጵያውያን የችፌ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ግን ጉድለቱ በእኛ ዘንድ እምብዛም እንደሌለ አሳይቷል። ስለዚህ በእኛ አገር የሌሎች ዘረመሎችና የአካባቢው ሁኔታ ድርሻ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው ችፌን የሕፃናት በሽታ አድርጎ ያስባል። ነገር ግን በዓለም ላይ ከመቶ አዋቂዎች ከ2 እስከ 10 የሚሆኑት ይኖርባቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሩብ ያህሉ በሽታው የጀመራቸው ካደጉ በኋላ እንደሆነ ይናገራሉ።

ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም

ይህን ለብቻው ማንሳት አስፈላጊ ነው። ችፌ በመጨባበጥ፣ ከአንድ ማዕድ በመብላት፣ ልብስ በመዋዋስ፣ ልጅ በማጥባት ወይም በጀመዓ ሶላት ጎን ለጎን በመቆም አይተላለፍም። ይህ ባለመታወቁ የሚደርሰው ጉዳት ከማሳከኩ ይበልጣል። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት እጇ ሲሰነጣጠቅ ደንበኞቿ ይሸሻሉ። የቤት ሠራተኛዋ ከሥራ ትሰናበታለች። ለጋብቻ የታሰበች ልጅ ክንዷን ደብቃ ትኖራለች። ውድ አንባብያን፣ ችፌ ያለበትን ሰው እጅ መጨበጥ ከምንሰጠው ሕክምና አንዱ ነው።

በእኛ ቆዳ ላይ እንዴት ይታያል?

ብዙዎቹ የሕክምና መጻሕፍት ችፌን “ቀይ ሽፍታ” ብለው ይገልጹታል። ይህ ገለጻ የነጭ ቆዳን የሚመለከት ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። በምትኩ የሚከተሉትን እንፈልግ፦

• ቆዳው ግራጫ፣ ሐምራዊ ወይም ከአካባቢው ጠቆር ያለ መልክ ይይዛል።

• የጸጉር መውጫ ቀዳዳዎች እንደ ዶሮ ቆዳ ነጠብጣብ ሆነው ያብጣሉ።

• ቆዳው ይደርቃል፣ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ይሰነጠቃል።

• ለረጅም ጊዜ የታከከው ቦታ ይወፍራል፤ መስመሮቹም እንደ ዝሆን ቆዳ ጎልተው ይታያሉ።

• ሲብስ ውኃ ያዘለ ፊኛ ያወጣል፤ ሲፈርጥ ይረጥባል።

• ከዳነ በኋላ ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ለወራት ይቆያል። ይህ ጠባሳ ስላልሆነ በጊዜ ብዛት ይጠፋል። ምልክቱን ለማንጻት ብሎ የሚያነጣ ክሬም መቀባት ትልቅ ስህተት ነው።

በአዋቂዎች ላይ በብዛት የሚወጣባቸው ቦታዎች እጅ፣ የክርን እጥፋት፣ ከጉልበት ኋላ፣ አንገትና የዓይን ቆብ ናቸው።

በአዋቂዎች ላይ የሚታዩ የችፌ ዓይነቶች

1. የዘር ዝንባሌ ያለው ችፌ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከልጅነት የጀመረ፣ እየሄደ የሚመለስ፣ በእጥፋቶች ላይ የሚወጣ ነው።

2. በንክኪ የሚመጣ ችፌ፦ ቆዳን የነካ ነገር የሚያመጣው ነው። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው እንደ በረኪናና ኦሞ ያለ ነገር ቀስ በቀስ ቆዳን ሲበላው ነው፤ ይህ ማንንም ያገኛል። ሁለተኛው አለርጂ ነው፤ እንደ ኒኬል ያለ ለሌላው ሰው ምንም የማያደርግ ነገር አንዱን ሰው ብቻ ያስቆጣዋል።

3. የሳንቲም ችፌ፦ እግርና ክንድ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከጭርት ጋር ይምታታል።

4. የመዳፍና የእግር ጫማ ፊኛ፦ በጣቶች ጎንና በመዳፍ ላይ ጥቃቅን፣ እጅግ የሚያሳክኩ፣ ውኃ ያዘሉ ፊኛዎች ይወጣሉ።

5. የቅባታማ ቦታዎች ችፌ፦ የራስ ቅል፣ ቅንድብ፣ የአፍንጫ ጎንና ደረት ላይ ቅባት ያለው ቅርፊት ይሠራል። ፎረፎርም የዚሁ ቀላሉ መልክ ነው።

6. የደም ሥር ችፌ፦ ረጅም ሰዓት በሚቆሙና የእግር ደም ሥራቸው ባበጠ ሰዎች ላይ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይወጣል። ካልታከመ ወደ ቁስል ይለወጣል።

7. የአረጋውያን ድርቀት፦ በዕድሜ ምክንያት የቆዳ ቅባት ሲቀንስ ቅልጥም ላይ እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ ይሰነጣጠቃል።

ችፌ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ በሽታዎች

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። መድኃኒት ቤት ውስጥ “ችፌ ነው” ተብሎ ቅባት ከተጠየቀበት ሽፍታ መካከል የተወሰነው ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል።

እከክ፦ በዓይን በማይታይ ቆዳ ቦርቧሪ ነፍሳት ይመጣል፤ ተላላፊ ነው። ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብና በብልት አካባቢ ይወጣል። ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ካሳከከው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እከክ ነው። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው የእከክ ወረርሽኝ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው ነበር። እከክ የራሱ መድኃኒት አለው፤ የቤተሰቡ አባላት በሙሉም በአንድ ቀን መታከም አለባቸው። የችፌ ቅባት እከክን አያድንም።

ጭርት፦ የፈንገስ በሽታ ነው። ክብ ሆኖ ዳሩ ከፍ ይላል፣ መሐሉ ይጠራል። የሳንቲም ችፌ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ጭርት ላይ የችፌ ቅባት ሲቀባ ማሳከኩ ይታገሣል፤ ፈንገሱ ግን በሥውር ይስፋፋል፣ መልኩንም ይለውጣል። በኋላ ሐኪሙ ራሱ ለመለየት ይቸገራል።

ሶሪያሲስ፦ ክርን፣ ጉልበትና የራስ ቅል ላይ ወፍራም፣ ብርማ ቅርፊት ያለው፣ ዳሩ በግልጽ የተለየ ሽፍታ ነው።

ሥጋ ደዌ፦ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ይወጣል፤ አያሳክክም፣ ሲነካም ስሜት የለውም። በነጻ የሚሰጥና የሚያድን መድኃኒት ስላለው ስሜት የሌለው ምልክት ያየ ሰው ሳይፈራ በቶሎ ይታይ።

ምን ያባብሰዋል?

ሳሙናና ውኃ፦ ለገጣፎ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሱሉልታም እንዲሁ ከፍተኛ ቦታ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ በበጋ ደግሞ ደረቅና ነፋሻ ይሆናል። በዚህ ላይ በፈላ ውኃና በልብስ ሳሙና ገላን መታጠብ ሲጨመር የቆዳው ጭቃ ታጥቦ ያልቃል። በቀን ብዙ ጊዜ ዕቃና ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች እጅ ችፌ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

የወጥ ቤት ሥራ፦ ሊጥ ማቡካት፣ በርበሬ መቀንጠስ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ መክተፍ የተሰነጠቀ እጅን ያቃጥላሉ። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ እውነተኛ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ምልክቱ ይታወቃል፤ በቀኝ እጇ ቢላ የምትይዝ ሴት የሚሰነጠቁባት የግራ እጇ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሐል ጣት ጫፎች ናቸው፤ ሽንኩርቱን የሚይዙት እነሱ ናቸውና።

ሲሚንቶ፦ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ሲሆን ግንባታ የማይታይበት ሰፈር የላቸውም። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን ያቃጥላል። በውስጡ ያለው ክሮሚየምም አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ ከያዘ ለዓመታት አይለቅም። ዴንማርክ በ1983 እ.ኤ.አ. በሲሚንቶ ውስጥ የሚሟሟውን ክሮሚየም የሚቀንስ ሕግ አወጣች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2005 እ.ኤ.አ. ተከተላት። የግንበኛ ወንድሞቻችን መከላከያ ረጅም የጎማ ጓንትና ቦት ጫማ ነው። የነካቸውንም ሲሚንቶ እስኪደርቅ ሳይጠብቁ በንጹሕ ውኃ ይታጠቡት።

ጥቁር ሂና፦ የተፈጥሮ ሂና ቀለሙ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ነው፤ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። በአጭር ጊዜ ድቅድቅ ጥቁር የሚያደርገው ሂና የጸጉር ቀለም ኬሚካል የተጨመረበት ነው። ይህ ኬሚካል በሥዕሉ ቅርጽ ልክ ቆዳን አቁስሎ ምልክት ይተዋል። አንዴ አለርጂ የሆነችበት ሴት ከዓመታት በኋላ ጸጉሯን ጥቁር ቀለም ስትቀባ ፊቷ ሊያብጥ ይችላል። ለዒድና ለሠርግ የምንቀባውን ሂና ቀለሙን አይተን እንምረጥ።

ብረትና ሌሎችም፦ የርካሽ ጉትቻ፣ የሰዓት፣ የቀበቶ ማያያዣና የሒጃብ ስፒል ኒኬል ይኖራቸዋል። ሸካራ የሱፍ ልብስ፣ ላብ፣ ሽቶ፣ የእንቅልፍ ማጣትና ጭንቀትም ችፌን ያስነሣሉ።

ውዱእና ችፌ

“በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ አደርጋለሁ፤ እጄና እግሬ እንዴት ይድናል?” የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርባል። ችፌ ያለበት ሰው የሚከተሉትን ቢያደርግ ይጠቀማል።

በመጀመሪያ ለውዱእ ሳሙና አያስፈልግም፤ ቆዳን ይበልጥ የሚጎዳው ሳሙናው ነው። ውኃው ለብ ያለ ይሁን። አካልን ሦስት ጊዜ ማጠብ ሱና ነው፤ ግዴታው አንድ ጊዜ ማዳረስ ነው። ውዱኡ ካልፈረሰ ደግሞ በአንድ ውዱእ ከአንድ በላይ ሶላት መስገድ ይቻላል። ውዱእ ሲያበቃ እጅን፣ እግርንና በጣቶች መካከል ያለውን ሳይፈገፍጉ በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጎ ማድረቅና ወዲያው ቫዝሊን መቀባት ነው። በየውዱኡ ቫዝሊን የሚቀባ ሰው በቀን አምስት ጊዜ ቆዳውን አከመ ማለት ነው። ቆዳ ላይ ወፍራም ንብርብር እንዳይቀር ስስ አድርጎ ማሸት ይበቃል።

እግሩ የተሰነጠቀበት ሰው ውዱእ ካደረገ በኋላ ኹፍ ለብሶ፣ መንገደኛ ካልሆነ ለአንድ ቀንና ሌሊት በላዩ ማበስ ይችላል። ቁስሉ ለታሸገና ውኃ ለሚጎዳውም ሸሪዓው ማበስንና ተየሙምን ፈቅዷል። ለእያንዳንዱ ሁኔታ የሐኪምን ምክር ይዞ የሚያውቁትን ዓሊም መጠየቅ ያስፈልጋል። በረመዳን ደግሞ ቆዳ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ጾምን ያፈርሳል በሚል ስጋት ሕክምና የሚያቋርጡ አሉ። ቅባት ምግብም መጠጥም ስላልሆነ ጾም እንደማያፈርስ ዑለማዎች ገልጸዋል። የሚዋጥ ኪኒን ካለ በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት ይመደባል።

ሕክምናው፦ አንደኛ ቫዝሊን፣ ሁለተኛ መድኃኒት

የችፌ ሕክምና ሁለት እግር አለው። አንደኛው በየቀኑ፣ ቆዳው ደህና በሆነበት ጊዜም ጭምር የሚቀባ ማለስለሻ ነው። ሁለተኛው ሲነሣ ብቻ ለጥቂት ቀናት የሚቀባ የስቴሮይድ ቅባት ነው። አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ይዞ አንደኛውን ይተወዋል። “ሳቆመው ይመለሳል” የሚባለውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ጭቃው ያልተለጠፈበት ግንብ ደግሞ ይፈርሳል።

ማለስለሻ፦ ሽታ የሌለው ነጭ ቫዝሊን ርካሽና ጥሩ ነው። ገላን ለብ ባለ ውኃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ታጥቦ፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መቀባት ነው። ግሊሰሪን የሚጠቀም ሰው በውኃ ያቅጥነው። የወይራ ዘይት ለምግብ እጅግ መልካም ነው። ለችፌ ቆዳ ግን አይመከርም፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የቆዳን መከላከያ እንደሚያዳክም አሳይቷል። በዚያው ጥናት የሱፍ ዘይት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ቫዝሊን የጠጣ ልብስ እሳት ቶሎ ስለሚይዘው ከምድጃና ከከሰል አጠገብ የምትሠሩ እናቶች ተጠንቀቁ።

የስቴሮይድ ቅባት፦ ሃይድሮኮርቲዞን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቆዳ በሽታ ተቀብቶ ውጤቱ የታተመው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ወጥቷል፤ ጉልበታቸው ግን እጅግ ይለያያል። ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ለስላሳው ነው፤ ለፊትና ለእጥፋቶች ይሆናል። ቤታሜታዞን ቫለሬት 0.1 በመቶና ሞሜታዞን ጠንካሮች ናቸው፤ ለእጅና ለእግር ይታዘዛሉ። ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ከሁሉም የበረታው ነው፤ ለወፈረ ቆዳ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል። የቱቦውን ስም ሳታነቡ አትቀቡ።

መጠኑን በጣት መለካት ይቻላል። አፉ 5 ሚሊሜትር ከሆነ ቱቦ በአዋቂ ሰው ጠቋሚ ጣት ጫፍ ላይ፣ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚወጣው ግማሽ ግራም ያህል ነው። ይህ አንድ “የጣት ጫፍ” ይባላል፤ ሁለት የአዋቂ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። ለአንድ እጅ ከፊትና ከኋላ 1፣ ለአንድ እግር ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚት 2፣ ለአንድ ክንድ 3፣ ለፊትና አንገት 2 ተኩል የጣት ጫፍ ይበቃል። እንግዲህ ሁለቱ እጆቹ የታመሙበት ሰው በቀን አንድ ጊዜ ቢቀባ የሚያስፈልገው 1 ግራም ነው። ባለ 15 ግራም ቱቦ ለ15 ቀን ይበቃዋል ማለት ነው። በሦስት ቀን ከጨረሰው አብዝቷል፤ ሁለት ወር ከቆየለት ደግሞ አሳንሷል።

በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ መቀባት ይበቃል። አብዛኛው ችፌ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይረጋጋል። ፊት ላይ ከ5 እስከ 7 ቀን አይለፍ። ከማለስለሻው ጋር ለማፈራረቅ በመካከላቸው ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ስቴሮይድን ፈርቶ ጭራሽ አለመቀባትም ስህተት ነው፤ በትክክል የተቀባ ቅባት ከሚጎዳው ይልቅ ያልታከመ ችፌ ይጎዳል።

የእጅ ችፌ ላለባቸው፦ የጎማ ጓንት ከሥሩ የጥጥ ጓንት ተደርጎ ይለበስ፤ ጎማው ብቻውን ላብ ይይዛል። ማታ እጅን ቫዝሊን ቀብቶ የጥጥ ጓንት ወይም ንጹሕ ካልሲ አጥልቆ መተኛት በሳምንት ውስጥ ልዩነት ያሳያል።

ከእነዚህ እንጠንቀቅ

የሚያነጣ ክሬም፦ በኮስሞቲክስ መደብር ከሚሸጡት የቆዳ ማንጫዎች ብዙዎቹ ክሎቤታሶል፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ አላቸው። ለወራት ሲቀባ ቆዳ ይሳሳል፤ የደም ሥሮች ይወጣሉ፤ ብጉርና ጸጉር ይበዛል፤ በጡትና በጭን ላይ የማይጠፋ ስንጥቅ ይቀራል። በዓይን አካባቢ ሲደጋገም የዓይን ግፊት ያስከትላል። ሲቆም ደግሞ ፊት እንደ ተቃጠለ ሆኖ ያብጣል፤ ያን ጊዜ ሴትየዋ “ያለ እሱ አልችልም” ብላ ትመለስበታለች። እንዲህ ዓይነት ችግር ላይ ያለች እህት ሳታፍር ወደ ቆዳ ሐኪም ትሂድ።

ሦስት መድኃኒት በአንድ ቱቦ፦ ስቴሮይድ፣ የፈንገስና የባክቴሪያ መድኃኒት የተቀላቀለበት ቅባት ያለ ምርመራ ሲወሰድ በሽታውን ይደባብቃል፤ ተሕዋስያንም መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል።

“የአለርጂ መርፌ”፦ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ነው። በሁለት ቀን ቆዳውን ያጠራዋል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ግን ችፌው ከበፊቱ ብሶ ሊነሣ ይችላል። በስኳርና በደም ግፊት ሕሙማን ላይም አደጋ አለው።

የቤት መድኃኒት፦ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ በሎሚ፣ በረኪናና ባትሪ ድንጋይ ቆዳን ያቃጥላሉ። ስለ ጥቁር አዝሙድ በረከት በሐዲስ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዘይቱን በተቆጣ ቆዳ ላይ ያላቀላቀሉ ሲቀቡት ግን አለርጂ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ።

አመጋገብን በተመለከተ

ችፌ የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር “እንቁላል ተው፣ ሥጋ ተው፣ ወተት ተው” የሚል ነው። በአዋቂዎች ላይ ምግብ ችፌን የሚያስነሣው በጥቂቶች ላይ ነው። እውነተኛ የምግብ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ከንፈር በማበጥ፣ በማስመለስ ወይም በሚያብጥ ሽፍታ ይታወቃል። ይህ ያልደረሰበት ሰው እንቁላልና ወተትን በግምት ቢተው ቆዳው የሚሠራበትን ፕሮቲን ያጣል፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ትጎዳለች። ምስርና ሽሮ፣ ጎመንና ካሮት፣ እንቁላል፣ ዓሣና ፍራፍሬ ለቆዳም ለሰውነትም ይጠቅማሉ። አንድ ምግብ በተደጋጋሚ እንዳባሰ የተሰማው ሰው ቀኑንና የበላውን ለአንድ ወር እየጻፈ ለሐኪም ያሳይ።

መቼ ወደ ሐኪም እንሂድ?

በሚከተሉት ሁኔታዎች መድኃኒት ቤት አይበቃም፦

• ትኩሳት ኖሮ፣ የሚያሙና አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ፊኛዎች በድንገት ከወጡ፦ ይህ የሔርፐስ ቫይረስ ችፌውን ሲይዘው የሚመጣ ድንገተኛ በሽታ ነው። ዓይንን ሊያጠፋና ሕይወትንም አደጋ ላይ ሊጥል ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል።

• ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት፣ መግል ወይም የሚስፋፋ ሙቀትና ሕመም ካለ፤

• ሁለት ሳምንት በትክክል ታክሞ ካልተሻለ፣ ወይም እንቅልፍ ከከለከለ፤

• ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረና የማይለቅ ሽፍታ ከሆነ፤

• ስሜት የሌለው ምልክት ከታየ።

ጉዞው ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ቆዳ ሐኪም የሚላከው በአዲስ አበባ ወደ አለርት ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፤ በወሎ ላላችሁ በደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ፣ በጎንደር ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣሉ። አለርት በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ስለነበር “እዚያ ከታየሁ ሰው ምን ይለኛል?” ብለው የሚቀሩ አሉ። ዛሬ በዚያ በር የሚገቡት ብዙዎቹ ችፌ፣ ጭርት፣ ሶሪያሲስና የመሳሰሉት ያለባቸው ሰዎች ናቸው። የሰው ወሬ ፈርቶ ለዓመታት ከማከክ አንድ ቀን ሄዶ መታየት ይሻላል። ለከባድ ችፌ ከስቴሮይድ ቅባት ያለፈ ሕክምናም አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ዱፒሉማብ የተባለው መርፌ አንዱ ነው፤ ዋጋው ግን እጅግ ከፍተኛ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ከአብዛኞቻችን ችፌ ጋር ለመኖር የሚያስፈልገው ያን ያህል ውድ አይደለም።

በአጭሩ፦ መጀመሪያ ችፌ መሆኑን እናረጋግጥ። በየቀኑ ማለስለሻ እንቀባ። ቆዳችንን ያስቆጣውን ነገር ፈልገን እናርቅ። የስቴሮይድ ቅባትን ስሙን አውቀን፣ በጣት ጫፍ ለክተን፣ ቀኑን ቆጥረን እንጠቀም። ችፌ ብዙ ጊዜ ጨርሶ የሚነቀል በሽታ ባይሆንም በትዕግሥት የሚገራ ነው። አንድ ቱቦ ስትገዙ አንድ ብልቃጥ ቫዝሊን አብራችሁ ግዙ፤ ባለመድኃኒቷንም “ይህ ስንት ቀን ነው የሚቀባው?” ብላችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጥልን።